ዋይፐርን የሚገድለው በጋ ነው

ሰኔ ገብቶ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ አዲስ አበባ ላይ ሲወርድ ብዙ ሾፌር አንድ ዓይነት ነገር ይገጥመዋል። ማንሻውን ሲነካው ዋይፐሩ ይነሳል፣ ይመለሳል፤ መስታወቱ ግን አይጠራም። ጎማው ውሃውን ከቦታ ቦታ ያንሸራትተዋል እንጂ ጠርጎ አይጥለውም። ልክ በዓይን ትይዩ ቅስት የሠራ ጭጋግ ይቀራል፤ ከታች በኩል ጎማው እየተንጫጫ ይዘላል። ከፊት ያለው ሚኒባስ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ቀይ መብራቱ መስታወቱን ሙሉ ይሞላውና ሚኒባሱ በስንት ሜትር ርቀት ላይ እንዳለ መገመት ያስቸግራል።

በማግስቱ የመለዋወጫ ሱቆች በራፍ ላይ ሰው ይበዛል። ሁሉም በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ ዓይነት ዕቃ ይፈልጋል፤ ሁሉም ይቸኩላል፤ የሚቸኩል ገዢ ደግሞ አይከራከርም፣ አገላብጦም አያይም። ለዋይፐር የሚወጣው ገንዘብና የሚደርሰው እንግልት ግማሹ የሚመጣው ከዚሁ ጥድፊያ ነው። ጥድፊያው ራሱ ከአንድ የተሳሳተ እምነት ይነሳል፤ ዋይፐር በዝናብ ብዛት ያልቃል ከሚለው።

ውሃ ለዋይፐር ጎማ እንደ ቅባት ነው። እርጥብ መስታወት ላይ የሚንሸራተት ጎማ ብዙም አይጎዳም፤ የሚጎዳው ሥራ ፈትቶ በተኛበት ነው። መስከረም አልቆ ሰማዩ ከጠራ በኋላ እስከ በልጉ ካፊያ ድረስ ዋይፐሩ ወራትን በአንድ ቦታ፣ በአንድ በኩል ተጣምሞ፣ ጠዋት በሚቀዘቅዝና ቀትር ላይ በሚያቃጥል መስታወት ላይ ተጭኖ ይከርማል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ የከተማዋ መኪና በጠራ ቀን የሚያገኘው ጨረር፣ በዚያው ኬክሮስ ባሕር ዳርቻ ላይ ከቆመ መኪና ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ይበልጣል። ጨረሩ የጎማውን ላይኛ ክፍል ያደርቀዋል። በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን ደግሞ የተወጠረ ጎማን ይሰነጥቃል፤ ተጣምሞ የተኛ የዋይፐር ጎማ ደግሞ ምንጊዜም የተወጠረ ነው። አቧራው በዚህ ላይ ይጨመራል። ስለዚህ በሰኔ የተጋለጠው ብልሽት ከጥቅምት ጀምሮ ሲብላላ የቆየ ነው።

ነገሩን በደንብ ለመረዳት የጎማውን አሠራር ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። የዋይፐር ጎማ ከላይ ወፈር ያለ አካል፣ በመካከል ቀጭን አንገት፣ ከታች ደግሞ መስታወቱን የሚነካ ስስ ጠርዝ አለው። አንገቱ የቀጠነው በምክንያት ነው። ክንዱ ወደ ግራ ሲሄድ ጠርዙ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ ክንዱ ሲመለስ ጠርዙ ገልበጥ ብሎ ወደ ግራ ያዘነብላል። ውሃውን የሚቆርጠው የጠርዙ ሹል ማዕዘን ነው፤ ገበሬ ማረሻውን ዘንበል አድርጎ እንደሚይዘው ሁሉ ጎማውም ሥራውን የሚሠራው ዘንበል ሲል ነው። አንገቱ ደርቆ መገልበጥ ሲያቅተው ጎማው በአንዱ አቅጣጫ እየተጎተተ ይጠርጋል፣ በሌላው እየተገፋ ይዘላል። ያ የሚያሳቅቅ የመንጫጫት ድምፅ ይህ ነው። ሹሉ ማዕዘን ተበልቶ ሲከብ ደግሞ ጎማው ውሃውን መቁረጡ ይቀርና በላዩ ይንሳፈፋል፤ መስታወቱ ላይ ስስ የውሃ ሽፋን ጥሎ ያልፋል።

ይህች ቀጭን ጠርዝ ምን ያህል እንደምትለፋ ለማወቅ ቀላል ስሌት ይበቃል። የአሜሪካ የተሽከርካሪ ደኅንነት ደንብ ዋይፐር በፈጣኑ ማርሽ ቢያንስ በደቂቃ 45 ጊዜ ደርሶ መመለስ እንዳለበት ይደነግጋል። በዚህ ፍጥነት አንድ ሰዓት ዝናብ ውስጥ የተነዳ መኪና ጎማውን 2,700 ጊዜ አመላልሶታል፤ መሄጃውና መመለሻው ለየብቻ ሲቆጠር 5,400 ጊዜ መስታወቱን አሽቷል ማለት ነው። አምራቾች በየስድስት ወሩ፣ ቢዘገይ በዓመት አንዴ ቀይሩ ይላሉ። ምክሩ ለሽያጭ ብቻ የተባለ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ይሁን እንጂ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። መስታወቱ ለሁለት ሰከንድ ከደበዘዘ ሾፌሩ ከ30 ሜትር በላይ ያለ በቂ እይታ ሄዷል፤ እግረኛ በመንገዱ ዳርና ዳር በሚሄድበት፣ መብራት በሌለበት አካባቢ በሚያቋርጥበት ከተማ።

ዋይፐር ራሱ የተወለደው ከዚህ ሥጋት ነው። ሜሪ አንደርሰን የተባለች የአላባማ ሴት እ.ኤ.አ. በ1902 መገባደጃና በ1903 መግቢያ መካከል በነበረው ክረምት ኒው ዮርክ ሄዳ ሳለ በከተማ ባቡር ተሳፈረች። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይጥል ስለነበር የባቡሩ ሾፌር ከፊቱ ለማየት መስኮቱን መክፈት ነበረበት፤ ብርዱም ገባ። አንደርሰን ወደ ቤቷ ተመልሳ ከውስጥ በእጅ ማንሻ የሚንቀሳቀስ፣ በስፕሪንግ መስታወቱ ላይ የሚጫን፣ ጎማ የለበሰ ክንድ ነደፈች፤ ኖቬምበር 10 ቀን 1903 የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫ ተሰጣት። በ1905 መብቱን ለአንድ የካናዳ ድርጅት ልትሸጥ ብትሞክር የንግድ ዋጋ የለውም ብሎ መለሰላት። ማረጋገጫው በ1920 ዘመኑ አለፈ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ ካዲላክ ዋይፐርን ከመኪኖቹ ጋር አብሮ የሚመጣ መደበኛ ዕቃ አደረገው። አንደርሰን ከፈጠራዋ ገንዘብ አላገኘችም። በንድፏ ውስጥ ግን ዛሬም ልብ ሊባል የሚገባ አንድ ነገር ነበር፤ መሣሪያው ክረምቱ ሲያልፍ የሚነቀል ነው። የመጀመሪያዋ ነዳፊ ዋይፐሯን ያለ ሥራ ዓመቱን ሙሉ ውጭ ልታሳድረው አላሰበችም።

ከእሷ በኋላ ነገሩን ወደ ትልቅ ኢንዱስትሪ የለወጠው ሰው ታሪክም ከአደጋ ይጀምራል። ጆን ኦይሼይ በአሜሪካዋ ባፋሎ ከተማ የቲያትር ቤት ሥራ አስኪያጅ ነበር። በአንድ ዝናባማ ምሽት መኪና ሲነዳ ብስክሌት ጋላቢ ገጨ። ጋላቢው ክፉኛ አልተጎዳም፤ የኦይሼይ ሐሳብ ግን ከዚያች ምሽት በኋላ ከመስታወቱ ላይ አልተነሳም። በከተማው የእጅ ዋይፐር የሠራ ሰው አገኘና እ.ኤ.አ. በ1917 ኋላ ትሪኮ የተባለውን ኩባንያ መሠረተ። ኩባንያው ዛሬም ዋይፐር ይሸጣል። ቦሽ በ1926 በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራውን አወጣ፤ በ1999 ደግሞ ፍሬም የሌለውን፣ አንድ ወጥ የሆነውን ጠፍጣፋ ዋይፐር ለገበያ አቀረበ። የዛሬ ገዢ ሱቅ ገብቶ የሚመርጠው በዋናነት ከሁለት ዓይነት ነው፤ ባለ ፍሬሙና ጠፍጣፋው።

አሁን ወደ መርካቶ። በአዲስ አበባ መለዋወጫ ሲባል የብዙ ሰው እግር ወደ ሱማሌ ተራና ወደ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ይሄዳል። ሱማሌ ተራ ያገለገለ ዕቃ ይበዛል፤ ለሞተርና ለበር መልካም ሊሆን ይችላል፣ ለዋይፐር ጎማ ግን አይደለም። ከተፈታ መኪና የወጣ ጎማ ዕድሜውን አንድ ጊዜ ጨርሷል። አዲስ ከሚሸጥበት ሱቅ ሲገባ ደግሞ ንግግሩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሄዳል።

«የስንት ሞዴል ናት፣ ወንድሜ?»

«የ2006 ያሪስ።»

«የሾፌሩን ነው የጋቢናውን?»

«ሁለቱንም።»

«ኦሪጅናል ነው ወይስ ደህናውን ኮፒ ልስጥህ?»

በዚህ አጭር ንግግር ውስጥ ገዢ የሚሳሳትባቸው ነገሮች ሁሉ አሉ። የመጀመሪያው ርዝመት ነው። ዋይፐር የሚለካው በኢንች ሲሆን አብዛኛው ከ14 እስከ 28 ኢንች ባለው ውስጥ ይወድቃል። በብዙ መኪኖች ላይ የሾፌሩና የጋቢናው እኩል አይደሉም፤ አንዱ 24 ሌላው 16 ሊሆን ይችላል። ረዘም ያለ ቢገጠም ከባልንጀራው ጋር ይጋጫል፣ ወይም ከመስታወቱ ወጥቶ ጠርዙን ይመታል፤ አጠር ያለ ቢገጠም በጣም የሚያስፈልገውን ዳር ሳይጠርግ ይቀራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከቤት ሲወጡ ሁለቱንም በሜትር ለክቶ ቁጥሩን መጻፍ፤ አንድ ኢንች 2.54 ሳንቲ ሜትር ነው። በሞዴል ስም ብቻ መግዛት አያስተማምንም፤ አንድ ስም ያላቸው መኪኖች ትውልዳቸው ሲለወጥ የዋይፐራቸው ርዝመትም ሊለወጥ ይችላል።

ሁለተኛው ማያያዣው ነው። በአገራችን ጎዳናዎች ላይ ለረጅም ዘመን የነገሡት ቶዮታዎች የክንዳቸው ጫፍ መንጠቆ ሆኖ የታጠፈ ነው። መንጠቆው ለሥራው ምቹ ነው፤ ብዙ ኩባንያ ይሠራለታል፣ ማንም ጋራዥ ያውቀዋል፣ መፍቻ አይፈልግም። ነገር ግን መንጠቆም መጠን አለው። የተለመዱት 9 በ3 እና 9 በ4 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ የሰፋ ማያያዣ ላይ የገባ ጠባብ መንጠቆ ይላወሳል፣ በእያንዳንዱ ምልልስ ይንኳኳል፣ አንድ ቀን በከባድ ዝናብ መካከል ተነቅሎ ይበራል።

ሦስተኛው «ኦሪጅናል» የሚለው ቃል ነው። የታወቀ ስም ያለበት ማሸጊያ ራሱ ማስረጃ አይሆንም። ጎማውን ማየት ይሻላል። ጥሩ ጎማ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠርዙ ቀጥ ያለና ስል ነው፤ በጣት ሲገፉት በቀላሉ ገልበጥ ብሎ ወዲያው ይመለሳል። ብዙዎቹ ጥሩ ጎማዎች መስታወት ላይ እንዲንሸራተቱ የግራፋይት ሽፋን ስላላቸው ጣት ላይ ጥቁር ዱቄት ሊተዉ ይችላሉ፤ ይህን አይተው ቆሻሻ ነው ብለው የሚመልሱት አሉ። የሚመለሰው ጠርዙ የተሸራረፈው፣ በመደርደሪያ ተጣምሞ የቆየው፣ ወይም ሱቁ በራፍ ላይ ለፀሐይ ተሰቅሎ የከረመው ነው። ለማስታወቂያ ውጭ የተንጠለጠለውን ከመግዛት ከውስጥ ካርቶን የሚወጣውን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ጎማ ሱቅ ውስጥም ያረጃል።

ዋጋው ለምን እንዲህ እንደናረ ለማንም የተሰወረ አይደለም። መንግሥት በ2012 ዓ.ም. ባወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖችን ማስገባት እጅግ ውድ ሆነ፤ ስለዚህ አገር ውስጥ ያሉት አሮጌ መኪኖች ይበልጥ ተፈላጊ ሆነው በጥገና መኖር ቀጠሉ። በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ መወሰኑ ተነገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ይህን ተሸክሞ ነው ሱቅ የሚደርሰው፤ ከቻይናም ይምጣ ከዱባይ ዋይፐርም አልተረፈም። ወደ መርካቶ የሚያስኬደው ነዳጅ፣ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ የሚያልፈው ጊዜ፣ መጠኑ ልክ ሳይሆን ቀርቶ ለመቀየር መመለሱ በደረሰኝ ላይ አይጻፉም እንጂ እነርሱም ወጪ ናቸው። በቀን ሥራው ለሚኖር የታክሲ ሾፌር በዝናብ ጊዜ ግማሽ ቀን መቆም ከዋይፐሩ ዋጋ ሊበልጥበት ይችላል።

ይህ ሁሉ ሲደመር አንድ ጥያቄ ይነሳል። ያለቀው ምኑ ነው? ያለቀው ጎማው ነው። ባለ ፍሬም ዋይፐር ላይ ያለው ብረት፣ ጎማውን የሚይዙት ጥፍሮች፣ ከክንዱ ጋር የሚያገናኘው ማያያዣ በደህና ሁኔታ ላይ ከሆኑ ለዓመታት ያገለግላሉ። ሆኖም ገዢው በየዓመቱ በሕይወት ያለውን ብረት ጥሎ ሌላ ብረት ይገዛል። ይህ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ የአሸጣጥ ልማድ ነው። በጃፓን ጎማው ብቻውን በየመለዋወጫ ሱቁ ይሸጣል። እነ ቶዮታ፣ ሆንዳና ኒሳን ጎማውን ራሱን የቻለ መለዋወጫ አድርገው የየራሱን ቁጥር ሰጥተው ያቀርቡታል። የጎማው ስፋት ብዙ ጊዜ 6 ወይም 8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ርዝመቱ ከበዛም በመቀስ ይቆረጣል። አሜሪካ ውስጥ ይህ ልማድ ቀስ በቀስ ጠፍቶ ሙሉውን መግዛት የተለመደ ሆነ። ኢትዮጵያ አብዛኛው መኪናዋ የጃፓን ሥሪት ሆኖ ሳለ አሸጣጡን ከጃፓን አለመውሰዷ ያስቆጫል። አስመጪ ጎማውን ብቻ ቢያመጣ በአንድ ካርቶን ብዙ እጥፍ ይይዛል፣ የሚያወጣው የውጭ ምንዛሪም ያንሳል፤ ገዢውም ለሚያስፈልገው ብቻ ይከፍላል።

ጎማ ብቻ መቀየር ጥቂት ትዕግሥት ይጠይቃል። በጎማው ጎንና ጎን ሁለት ቀጫጭን የብረት ሽቦዎች አሉ፤ ጎማው ቀጥ ብሎ እንዲጫን የሚያደርጉት እነርሱ ናቸው። አዲሱ ጎማ ያለ እነርሱ ከመጣ ከአሮጌው አውጥቶ ወደ አዲሱ ማዛወር ግድ ነው፤ የታጠፉበት አቅጣጫም መጠበቅ አለበት። ከዚያ ጎማው በጥፍሮቹ መካከል አንድም ሳይዘለል መሳብ አለበት። አንድ ጥፍር ከተዘለለ በዚያ ቦታ ግፊት ይጠፋና ያልተጠረገ መስመር ይቀራል፤ ከዚህ የከፋው ጥፍሩ ራሱ መስታወቱን ሲነካ ነው። ጠፍጣፋ ዋይፐር ላይ ግን ይህ ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ ጎማውና አካሉ አንድ ሆነው የተሠሩ ስለሆኑ ሙሉው ይቀየራል። ጠፍጣፋው በፍጥነት ሲነዳ ንፋስ አያነሳውም፣ ጎማውንም እኩል ይጫነዋል። ከተማ ውስጥ በ40 እና በ50 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና ግን ባለ ፍሬሙ በቂ ነው፤ ፍሬሙ ያልዛገ ባለመኪና ወደ ጠፍጣፋው ለመሸጋገር ተጨማሪ ገንዘብ የሚያወጣበት ምክንያት ብዙም አይታይም።

አዲስ እንግልት ይዘው የመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖቹ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አዲስ አበባ በቢዋይዲ እና ከቻይና በሚመጡ ቮልስዋገኖች ተሞልታለች። በእነዚህ በብዙዎቹ ላይ ያ ሁሉም የሚያውቀው መንጠቆ የለም። በመጫኛ ቁልፍ የሚለቀቅ፣ ከጎን የሚገባ፣ ወይም ለዚያ መኪና ብቻ የተሠራ ማያያዣ አላቸው። ደግሞ በአንዳንዶቹ ዋይፐሩ ሲቆም ከኮፈኑ ሥር ይደበቃል። ክንዱን በጉልበት ልሳብ ያለ ሰው ኮፈኑን ይጭረዋል ወይም ክንዱን ያጣምመዋል። መጀመሪያ ዋይፐሩን ለጥገና በሚመች አቋም ላይ ማድረግ ይገባል፤ በቮልስዋገን አይዲ ፎር በመኪናው ስክሪን ውስጥ ለዚሁ የተዘጋጀ ማዘዣ አለ፣ በሌሎች ደግሞ መኪናው እንደጠፋ ማንሻውን በመንካት ዋይፐሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል። መመሪያው በቻይንኛ ብቻ ለመጣለት ባለቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አስመጪዎች መኪናውን ሲያስረክቡ የዋይፐሩን መጠን፣ የማያያዣውን ዓይነትና የማዘዣውን ቦታ በአማርኛ በአንድ ገጽ ጽፈው ቢሰጡ ብዙ ሰው ከጭረትና ከከንቱ ወጪ ይድናል። በመኪኖቹ መስታወት ጀርባ መንገዱን የሚያዩ ካሜራዎችም አሉ፤ ዋይፐሩ ካሜራው ፊት ለፊት ያለውን ቦታ ካላጠራ እነርሱም አያዩም።

ዋይፐር ሲቀየር የሚደርሰው ትልቁ ጥፋት ከጎማው ጋር ግንኙነት የለውም። ዋይፐሩ ሲወልቅ ክንዱ ራቁቱን ይቀራል፤ በሥሩ ያለው ስፕሪንግ ጠንካራ ነው። በዚህ ሰዓት አንድ ሰው ክንዱን ቢነካው ወይም ንፋስ ቢገፋው ብረቱ በሙሉ ኃይሉ መስታወቱ ላይ ይወርዳል። የፊት መስታወት ሲሰነጠቅ የሚያስወጣው ከዋይፐሩ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ወፍራም ፎጣ አጥፎ መስታወቱ ላይ ማንጠፍና አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ይህን ያስቀራል። ብዙ ቦታ ወጣቶች መንገድ ዳር በጥቂት ብር ይገጥማሉ፤ ፎጣ ወይም ካርቶን እንዲያነጥፉ መጠየቅ የባለመኪናው መብት ነው።

በውጭ ያሉ ወገኖች ነገሩን በሌላ መልክ ያውቁታል። በአሌክሳንድሪያና በአርሊንግተን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ታክሲ ነጂዎች በቨርጂኒያ ሕግ መኪናቸውን በየዓመቱ ያስፈትሻሉ፤ ዋይፐር ከሚታዩት አንዱ ነው። በቨርጂኒያም በሜሪላንድም ዋይፐር በዝናብ ሲበራ የፊት መብራትም መብራት አለበት። ትልልቆቹ የአሜሪካ መለዋወጫ ሱቆች ከእነርሱ ለተገዛ ዋይፐር መግጠሚያ አያስከፍሉም፤ ሠራተኛው ውጭ ወጥቶ ገጥሞ ይመለሳል። የዚያ አገር ፈተና በረዶ ነው። ጠዋት መስታወት ላይ የተጣበቀ ዋይፐር በሞተር ኃይል ሲላቀቅ ጎማው ይቀደዳል። እስራኤል ውስጥ ደግሞ ከግንቦት እስከ መስከረም ዝናብ የለም ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ እዚያ ያሉ ቤተሰቦችም የሚያዩት አዲስ አበባ በሰኔ የሚያየውን ነው። ረጅም ደረቅ ወቅት ባለበት ሁሉ ዋይፐር የሚሞትበት መንገድ ይመሳሰላል።

ስለዚህ የመግዣው ጊዜ ግንቦት ነው። ሱቆቹ ያልተጨናነቁበት፣ መርጦና ለክቶ መግዛት የሚቻልበት፣ ያልገጠመውን ለመመለስ ጊዜ ያለበት ወር። ከመግዛት በፊት ግን አሮጌውን ማጠብ ይገባል። ብዙ ጎማ ሳያልቅ የሚጣለው ቆሻሻ ስለያዘው ነው። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና በተነከረ ጨርቅ ጠርዙን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲያብሱት ጨርቁ በጥቁር ይሞላል፤ የሚቀጥለው ጨርቅ ንጹሕ እስኪሆን ይደገማል። መስታወቱም እንደዚያው። የናፍጣ ጭስና አቧራ ተደባልቀው የሚፈጥሩት ቅባት ውሃ ብቻ አያነሳውም፤ እሱ ካልታጠበ አዲስ ጎማም ያደበዝዛል። አንዳንድ ላቫጆ ውስጥ ጎማ እንዲያበራ ተብሎ በነዳጅ ወይም በዘይት ይታበሳል፤ ይህ ዋይፐርን ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋልም፤ ከዚያ በኋላ አይድንም። በደረቅ መስታወት ላይ አቧራ ለማራገፍ ዋይፐር ማብራትም ጎማውንም መስታወቱንም በአሸዋ መፈተግ ነው። ውሃ መርጫው ባዶ ከሆነ መሙላት ወጪ የለውም፤ የቧንቧ ውሃ ይበቃል።

በበጋ ደግሞ ጥላ መፈለግ። ከውስጥ የሚደረገው የብር ቀለም ያለው መከለያ ዳሽቦርዱን ከፀሐይ ያድናል፤ ዋይፐሩ ግን ከውጭ ስለሆነ ምንም አይጠቅመውም። ከውጭ የሚለበስ ሸራ ያላቸው ዋይፐራቸውንም ሸፍነዋል። ዝናብ በሌለበት ወርም ቢሆን በሳምንት አንድ ቀን መስታወቱን አርጥቦ ሁለት ሦስት ጊዜ ማመላለስ ጎማው በአንድ በኩል ተጣምሞ እንዳይደርቅ ይረዳል።

አንዳንድ ጊዜ ጎማው ተቀይሮም መስታወቱ አይጠራም፤ ባለመኪናው ሻጩን አታላይ ብሎ ሁለተኛ ጥንድ ይገዛል። ከዚያ በፊት ክንዱን ማየት ያዋጣል። ስፕሪንጉ ከደከመ ዋይፐሩ መስታወቱን ይነካል እንጂ አይጫነውም፤ በፍጥነት ሲነዳ ደግሞ ይነሳል። ክንዱ በመጠኑ ከተጣመመ ጎማው ቀጥ ብሎ ስለማይቆም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይንጫጫል። ሁለቱንም መካኒክ በደቂቃዎች ውስጥ ያውቃቸዋል። ክንዱ ራሱም ከመሠረቱ በአንድ ብሎን ተፈቶ የሚቀየር ዕቃ ሲሆን ያገለገለ ቢገዛም ጉዳት የለውም፤ እዚህ ላይ ሱማሌ ተራ ይጠቅማል።